የ4 ዓመት ልጄ ሌሊት ያንኮራፋል፣ አንዱ ሐኪም ምንም የለውም አለ አንዱ አዴኖይድ ነው አለ፣ በትክክል በምንድነው ሚታወቀው?

የልጅ እናት፦

ሰላም ወላጆች፣ እባካችሁ ያለፈበት ሰው ካለ ይመልስልኝ በጣም ተጨንቄያለሁ። ልጄ 4 ዓመት ከ3 ወሩ ነው፣ ወንድ ነው። ከዛሬ ዓመት ጀምሮ ሲተኛ ያንኮራፋል፣ መጀመሪያ ጉንፋን ሲይዘው ብቻ ነበር ሲሻለው ይተወው ነበር፣ አሁን ግን ጉንፋን ኖረም አልኖረም በየሌሊቱ ነው። አፉን ከፍቶ ነው ሚተኛው፣ ጠዋት ሲነሳ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ትራሱ በምራቅ ርሶ። አንገቱን ወደኋላ ቀልብሶ ይተኛል፣ ቀና አድርጌ ባስተኛው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያው ነው። ብርድ ቢሆን እንኳ ላብ በላብ ይሆናል። ከሁሉም ሚያስፈራኝ ግን አንዳንዴ ማንኮራፋቱ ድንገት ጭጭ ይልና እጄን አፍንጫው ስር አስጠግቼ ትንፋሹን እጠብቃለሁ፣ ከዛ እንደመታፈን ብሎ በኃይል ስቦ ይገላበጥና ይቀጥላል። ስንት ሌሊት አጠገቡ ቁጭ ብዬ አንግቻለሁ።

ቀን ላይ ደግሞ ንፍጡ አያቋርጥም፣ ስጠራው ቶሎ አይሰማኝም፣ አስተማሪዋም አያዳምጥም ቁጭ አይልም ትላለች።

አንደኛው ሐኪም አፉን አስከፍቶ በባትሪ አይቶ ቶንሲሉ ትንሽ ነው ምንም የለውም ሲያድግ ይተወዋል አለኝ። ሁለተኛው ጋ ስወስደው ከጎን የአንገት ራጅ አዘዘ፣ ልጁ እያለቀሰ እየተንፈራገጠ እኔ ጭንቅላቱን ይዤለት ነው የተነሳው፣ ውጤቱ ላይ አዴኖይዱ አድጓል ሬሾው 0.82 ነው ይላል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ተባልኩ። ባለቤቴ በአንድ ራጅ ልጄን አላስቀድድም ብሏል። እኔ መሀል ላይ ቀረሁ። ራጁ ብቻውን በቂ ነው እንዴ? አፉን ያየው ሐኪም እንዴት አላየውም? ሌላ ምርመራ ካለስ ምን ይባላል?

የሁለት ልጆች እናት፦

እህቴ አይዞሽ፣ ስታወሪ ራሴን ነው የሰማሁት። ትልቁ ልጄ 5 ዓመቱ ላይ ልክ እንደዚህ ነበር። አፍ አስከፍቶ በባትሪ ማየትን በተመለከተ አዴኖይድ እዛ አይታይም፣ ለኔም ይሄን ያስረዳኝ ሰው እስካገኝ ሦስት ቦታ ዞሬያለሁ። ቶንሲል ጉሮሮ ዳርና ዳር ስለሆነ ይታያል፣ አዴኖይድ ግን ከአፍንጫ ጀርባ ነው፣ እንጥሉ ከተንጠለጠለበት ከለስላሳው ላንቃ በላይ ተደብቆ፣ ስለዚ ቶንሲሉ ትንሽ ሆኖ አዴኖይዱ ግን አፍንጫውን ከኋላ ሊደፍነው ይችላል። የኔ ልጅ እንደዛ ነበር።

ለኛ የተረጋገጠው በኢንዶስኮፒ ነው። ስሙን ስሰማ ማደንዘዣ ሚሰጡት መስሎኝ ደንግጬ ነበር፣ እንደዛ አይደለም። ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፣ እጁን በአንድ እጄ አቅፌ ግንባሩን በሌላው ደረቴ ላይ ደግፌ ያዝኩት፣ አፍንጫውን ሚከፍትና ሚያደነዝዝ ነገር ረጩለት፣ ትንሽ ጠበቅን፣ ከዛ እንደ ቀጭን ገመድ ምትተጣጠፍ ጫፏ ላይ ካሜራ ያላት ነገር በአፍንጫው ቀዳዳ አስገቡ። አልቅሷል አልዋሽሽም፣ ግን ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ሲወጣ ወዲያው ዝም አለ። ስክሪኑ ላይ እኔም አየሁት፣ ሮዝ የሆነ እብጥ እብጥ ያለ ሥጋ አየር ሚያልፍበትን በር ሞልቶት፣ ከላይ ትንሽ ጨረቃ ምታክል ክፍተት ብቻ ቀርታለች። ያን ካየሁ በኋላ ለምን አፉን እንደሚከፍት ማንም እንዲነግረኝ አልፈለግሁም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሲያወራ ድምፁ እንዴት ነው? የኔ "እማዬ" ሲል "እባዬ" ነበር ሚመስለው፣ "ና" ሲል "ዳ"። እኛ የልጅ አፍ ነው ብለን ስንት ጊዜ እየሳቅን አሳለፍነው፣ አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል።

የልጅ እናት፦

ውይ እህቴ እሱም አለ!! "እናቴ" ሲል "እዳቴ" ነው ሚለው። ሁሌ ጉንፋን የያዘው ነው ሚመስለው ሰው ሁሉ "አሞታል እንዴ" ይለኛል። ይሄ ከአፍንጫው ጋር ይገናኛል ብዬ በፍጹም አላሰብኩም።

ዝምተኛው አባት፦

እኔ ደግሞ ሌላውን ጎን ልናገር ምክንያቱም ሁሉም ማንኮራፋት አዴኖይድ አይደለም። የኔ ልጅ ሴት ናት 6 ዓመቷ፣ አፍ ከፍቶ መተኛት ማንኮራፋት ሁሉም ነበራት፣ ራጁም ትንሽ ትልቅ ነው አለ። ግን ልጅቷ አፍንጫዋን በመዳፏ ወደላይ ማሸት ትወዳለች ጠዋት ጠዋት በተከታታይ ታስነጥሳለች ዓይኗም ያሳክካታል፣ ይሄን ማንም አልጠየቀንም እኛም አልተናገርንም። በኋላ አንዲት የአንገት በላይ ሐኪም አፍንጫዋን ከፊት በኩል ስታይ ውስጡ ገርጥቶ አብጦ አለርጂ ነው አለች፣ በኢንዶስኮፒ ስታየው አዴኖይዱ መካከለኛ ብቻ ነበር ከአፍንጫው ቀዳዳ ግማሽ እንኳ አልደፈነም። ስቴሮይድ ያለው የአፍንጫ ስፕሬይ በየቀኑ ለ2 ወር አደረግን ማንኮራፋቷ ጠፋ ማለት ይቻላል።

ከዛ በፊት ግን ትልቅ ስህተት ሠርቻለሁ ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው ምጽፈው። ወዲያው አፍንጫ ሚከፍተውን ስፕሬይ፣ ኦክሲሜታዞሊን ሚባለውን፣ ከፋርማሲ በራሴ ገዝቼ ሦስት ሳምንት ሰጠኋት፣ ሲነፋላት ትተኛለች ሲለቃት ከበፊቱ ይብሳል፣ እኔ አዴኖይዱ እያደገ ነው ብዬ መድኃኒቱን እጨምራለሁ። ለካ እሱ ከጥቂት ቀን በላይ ሲወሰድ ራሱ አፍንጫ ያሳብጣል። ሁለቱም አፍንጫ ላይ ሚነፉ ስለሆኑ አንድ መሰሉኝ፣ አንድ አይደሉም፣ የትኛውን እንደያዛችሁ ጠይቁ።

አንገት በላይ ሐኪም፦

ሰላም ለሁላችሁ። የጆሮ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ነኝ፣ ልጁን ሳላይ ይሄ ነው ማለት አልችልም ግን የጠየቅሽው ጥያቄ ትክክለኛ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

አዴኖይድ በሽታ አይደለም፣ ማንኛውም ልጅ አለው። እንደ ቶንሲል የሰውነት መከላከያ ሥጋ ነው፣ ከሕፃንነት ጀምሮ ያድግና በአብዛኛው ከ5 እስከ 7 ዓመት አካባቢ ትልቁ መጠኑ ላይ ይደርሳል፣ ከዛ በጉርምስና እየሟሸሸ ይሄዳል፣ አዋቂ ላይ የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ የልጁ ከአፍንጫ ኋላ ያለው ክፍተት በዛ ዕድሜ ገና ጠባብ መሆኑ ነው። ስለዚህ "አዴኖይድ አለው ወይ" ሚለው ጥያቄ አይጠቅምም፣ ምን ያህል መንገዱን ዘግቷል፣ በመዝጋቱስ ልጁ ላይ ምን አድርሷል ነው ጥያቄው። ትልቅ አዴኖይድ ኖሮት በደንብ ሚተኛ በደንብ ሚሰማ ልጅ አለ፣ እሱን ማንም መንካት የለበትም።

አሁን ወደ ራጁ ልምጣ። ሬሾ ሚሉት የአዴኖይዱ ውፍረት ለሚገኝበት ክፍተት ሲካፈል ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ሚሠራበት አለካክ ነው፣ ከ0.8 በላይ ሲሆን አድጓል ይባላል። ራጅ መጥፎ ምርመራ አይደለም፣ ኢንዶስኮፒ በሌለበት ቦታ ወይም ልጁ በጭራሽ እሺ በማይልበት ጊዜ ይረዳል፣ ጨረሩም ትንሽ ነው። ግን እንዴት እንደተነሳ ወሳኝ ነው። ልጁ አፉን ዘግቶ በአፍንጫው አየር እየሳበ፣ ጭንቅላቱ ሳይጠመዘዝ በትክክል በጎን ሆኖ መነሳት አለበት። ሲያለቅስ ወይም ሲውጥ ለስላሳው ላንቃ ወደላይ ተነስቶ አዴኖይዱ ላይ ይለጠፋል፣ ፊልሙ ላይ መንገዱ ድፍን ያለ ይመስላል። አንቺ እያለቀሰ እየተንፈራገጠ ነው የተነሳው ብለሻል፣ ስለዚህ 0.82 ሚለውን ቁጥር እንደ ጥቆማ እወስደዋለሁ እንጂ ኦፕራሲዮን ለመወሰን አልጠቀምበትም። ደግሞ ራጅ የአንድ ቅጽበት ጥላ ነው፣ ከጎን ብቻ ነው ሚያሳየው፣ አዴኖይዱ የጆሮውን ቱቦ አፍ ይንካው አይንካው አይነግርሽም።

በኢንዶስኮፒ ግን በቀጥታ ይታያል። የአፍንጫው የኋላ በር ምን ያህል እንደተዘጋ በአራት ደረጃ እንከፍለዋለን፣ እስከ ሩብ ከተዘጋ 1፣ እስከ ግማሽ 2፣ እስከ ሦስት አራተኛ 3፣ ከዛ በላይ 4። ላይኛዋ እናት ያየቻት የጨረቃ ክፍተት ምናልባት 4 ነበረች። በመንገድ ላይም ሌላ ነገር ካለ ይታያል፣ የተጣመመ የአፍንጫ ግድግዳ፣ ፖሊፕ ሚባል ትርፍ ሥጋ፣ የአለርጂ እብጠት፣ ልጁ ራሱ የከተተው ነገር።

ከመሣሪያው በፊት ግን ታሪኩ ነው ሚበልጠው፣ አንቺ የጻፍሽው አንድ ገጽ ከራጁ የበለጠ ነግሮኛል። እቤት ምትሠሪው አንድ ሙከራ ልስጥሽ፦ "እማማ ና" በይው፣ ከዛ አፍንጫውን በጣትሽ ቆንጥጠሽ ዘግተሽ ያንኑ አስደግሚው። ጤነኛ ልጅ ላይ ድምፁ ወዲያው ይለወጣል፣ ምክንያቱም "መ"ን እና "ነ"ን ስንል አየር በአፍንጫ ይወጣል። ተዘግቶም ሳይዘጋም ድምፁ አንድ ዓይነት ከሆነ በፊቱም አየር አይወጣም ነበር ማለት ነው። ሌላው፣ አፉን ዘግቶ ሲተነፍስ አፍንጫው ስር ቀዝቃዛ መስታወት ያዢለት፣ በሁለቱም በኩል ጤዛ መሥራት አለበት። በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ሚዘጋው አዴኖይድ ብዙም አልጠረጥርም፣ አዴኖይድ መሀል ላይ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ነው ሚያፍነው።

እና ቪዲዮ አንሺ። ይሄን ለሁሉም ወላጅ እናገራለሁ። ደረቱና ሆዱ እንዲታይ ልብሱን ገለጥ አድርገሽ፣ ድምፁም እንዲሰማ ሆኖ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ በተለይ ሊነጋጋ ሲል ከ10 ሰዓት ሌሊት በኋላ አንሺው፣ ምክንያቱም የልጆች ትንፋሽ መቋረጥ ብዙውን ጊዜ ሕልም ሚታይበት እንቅልፍ ላይ ነው ሚብሰው እሱ ደግሞ ወደ ንጋት ይበዛል። ደረቱ እየታገለ ሆዱ እየወጣ እየገባ ግን አየር ካላለፈ፣ እሱን ያየ ሐኪም "ሲያድግ ይተወዋል" ብሎ አይሸኝሽም።

የልጅ እናት፦

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል ጊዜ ወስዶ ያስረዳኝ ሰው የለም። ሙከራውን አሁን ሠራሁት፣ አፍንጫውን ዘግቼም ሳልዘጋም "እባባ ዳ" ነው ሚለው አንድ ነው። ዛሬ ሌሊት ቪዲዮውን አነሳለሁ። አንድ ጥያቄ፣ ትንፋሹ ሲቋረጥ ስንት ሰከንድ ሲሆን ነው አደገኛ ሚባለው? እኔ ስቆጥር 6 ወይ 7 ሰከንድ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ሳነብ 10 ሰከንድ ይላል ስለዚ ተጽናናሁ።

አንገት በላይ ሐኪም፦

10 ሰከንድ ሚለው የአዋቂ መለኪያ ነው እህቴ፣ በሱ አትጽናኚ። ልጅ በደቂቃ ሚተነፍሰው ከኛ ይበልጣል፣ ስለዚህ ልጅ ላይ ሚቆጠረው በትንፋሽ ነው፣ ለመተንፈስ እየታገለ ሁለት ትንፋሽ ሚያክል ጊዜ አየር ካላለፈ እንደ አንድ መቋረጥ ይያዛል። በእንቅልፍ ምርመራ ጊዜም እንደዚሁ ነው፣ ልጁ ሙሉ ሌሊት ተኝቶ በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሹ እንደተቋረጠ ወይም እንደቀነሰ ይቆጠራል፣ አዋቂ ላይ እስከ 5 ድረስ ችላ ይባላል፣ ልጅ ላይ ግን በሰዓት 1 እና ከዛ በላይ ከሆነ ጤነኛ አይደለም፣ ከ10 በላይ ከሆነ ከባድ ነው። ምርመራው በሁሉም ቦታ አይገኝም፣ በሌለበት ጣት ላይ ሚታሰር ኦክስጅን መለኪያ አድርጎ ማደር አለ። እሱ ግን አንድ ጎኑን ብቻ ነው ሚያረጋግጠው፣ ኦክስጅኑ እየደጋገመ ከወረደ ችግር አለ፣ ካልወረደ ግን የለም ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም ልጁ ኦክስጅኑ ሳይወርድ ከእንቅልፉ እየባነነ ሊያድር ይችላል። ቁጭ አይልም ማለታቸውም ከዚህ ጋር ሊሄድ ይችላል፣ እንቅልፍ ያጣ አዋቂ ይደክመዋል ይደበተዋል፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል።

ጆሮ መርማሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የመስማት ምርመራ ባለሙያ ነኝ፣ እስካሁን ሁሉም ስለ አፍንጫው ነው ያወራው፣ እኔን ግን ያስደነገጠኝ "ስጠራው ቶሎ አይሰማኝም" ያልሽው ነው። እባክሽ ጆሮውን ሳታስመረምሪ እንዳትቀሪ። ከመሀል ጆሮ ወደ አፍንጫ ጀርባ ሚመጣ ቀጭን ቱቦ አለ፣ አየር ሚያስገባ፣ አፉ ያለው ልክ አዴኖይዱ ጎን ነው። እሱ ሲታፈን ከታምቡሩ ጀርባ ውሃ ሚመስል ወፍራም ፈሳሽ ይጠራቀማል። አያመውም፣ አያተኩሰውም፣ አይፈስም፣ ስለዚህ ማንም አያውቅበትም፣ ልጁ ግን ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከትቶ እንደሚያዳምጥ ሰው ነው ሚሆነው። ቴሌቪዥን ድምፅ ይጨምራል፣ ከኋላው ስትጠሪው ዝም ይላል፣ ፊት ለፊት ስታወሪው ደግሞ ከንፈርሽን አይቶ ይመልሳል፣ ስለዚህ እልኸኛ ነው ይባላል። ስንቱ ልጅ ያልሰማውን ትእዛዝ እምቢ አልክ ተብሎ ተቀጥቷል፣ እኔ በየሳምንቱ ነው ማየው።

ምርመራው ቀላል ነው። ቲምፓኖሜትሪ ይባላል፣ ጆሮው ላይ ለስላሳ ጫፍ አስጠግተን ትንሽ የአየር ግፊት እንሰጣለን፣ ታምቡሩ ሚንቀሳቀስ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ተራራ ይሠራል፣ ከኋላው ፈሳሽ ካለ ዝርግ መስመር ነው ሚወጣው። ሰከንዶች ነው ሚፈጀው። ከዛ መስማቱን እንለካለን፣ በ4 ዓመት ደግሞ በጨዋታ ነው ምንሠራው፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር አንዷን ኳስ ቅርጫት ውስጥ ይከታል፣ ብዙዎቹ ይወዱታል።

የአዴኖይድ ታሪክ ራሱ ከመስማት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ዊልሄልም ማየር ሚባል የኮፐንሃገን ሐኪም ነው ይሄ እድገት ከአፍንጫ ጀርባ እንዳለ፣ አፍንጫ እንደሚያፍንና መስማትን እንደሚያውክ በደንብ የጻፈው። ያኔ ካሜራ የለም፣ ጣቱን ከላንቃው ጀርባ አስገብቶ በመዳሰስ ነበር ሚለየው።

ያለፈልኝ፦

እኔ በአጭሩ፣ አስወጡትና ተገላገሉ!! የኛ ልጅ በወጣለት በሳምንቱ ሌላ ልጅ ሆነ፣ ተኝቶ ድምፁ አይሰማም፣ ክብደት ጨመረ። ይሄን ሁሉ ምርመራ እያላችሁ እናትየዋን አታስጨንቋት። ራጁ አድጓል ካለ አድጓል።

አንገት በላይ ሐኪም፦

ለልጅሽ እንኳን ደስ አለሽ፣ ቀዶ ሕክምናው ለሚያስፈልገው ልጅ ያልሽው ለውጥ እውነት ነው፣ እኔም ስለማየው ነው ይሄን ሥራ ምወደው። ግን "አድጓል" እና "መውጣት አለበት" መሀል ሰፊ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ትልቅ ጥናት ነበር፣ ከ5 እስከ 9 ዓመት የሆኑ 464 ልጆች ላይ፣ ሁሉም በእንቅልፍ ምርመራ ትንፋሻቸው እንደሚቋረጥ የተረጋገጠ። ግማሾቹ ቶንሲልና አዴኖይዳቸው ቶሎ ወጣ፣ ግማሾቹ እየተከታተሉ ጠበቁ። ከ7 ወር በኋላ ከወጣላቸው 79 በመቶው የእንቅልፍ ምርመራቸው ወደ ጤነኛ ተመለሰ። ከጠበቁትም ግን 46 በመቶው ተመለሰ። የወጣላቸው ባሕርያቸውና እንቅልፋቸው በወላጆቻቸው ምስክርነት በጣም ነው የተሻሻለው፣ ስለዚህ ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ፣ ለዚህም ነው የትኛው ልጅ መጠበቅ ይችላል የትኛው አይችልም ሚለውን በምርመራ ምንለየው።

ደግሞ ከቀዶ ሕክምና በፊት መታየት ያለበትና በጥድፊያ ሚዘለል ነገር አለ፣ ላንቃው። እንጥሉ ጫፉ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ወይም ላንቃው ላይ ከቆዳው ስር የተደበቀ ስንጥቅ ካለ፣ እንደዛ ዓይነት ልጅ ሲናገር አየር ወደ አፍንጫ እንዳያመልጥ ሚረዳው አዴኖይዱ ራሱ ሊሆን ይችላል። እሱን ሙሉ በሙሉ ስታወጪው ልጁ ሲናገር ድምፁ በአፍንጫው ይወጣል፣ ሲጠጣም በአፍንጫው ሊመለስ ይችላል። አይቶ በጣት ዳስሶ ማረጋገጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቤተሰብ ውስጥ ደም ቶሎ ማይቆምለት ሰው ካለም ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።

ሌላ እዚህ ለሚያነቡ ሁሉ፦ በአንድ አፍንጫ ብቻ ሚሸት ወይም ደም ያለበት ንፍጥ ከመጣ ልጁ ውስጡ ምን እንደከተተ ነው መጀመሪያ ሚፈለገው፣ ትንሿ ክብ ባትሪ ከሆነች ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ስለምታቃጥል ነገ አይባልም። ጎረምሳ ወንድ ልጅ አፍንጫው እየተዘጋ እየደጋገመ በብዛት ከነሰረው አዴኖይድ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፣ በዛ ዕድሜ አዴኖይድ መክሰም ነው ያለበት፣ ሌላ ደም የበዛበት እጢ ሊሆን ስለሚችል እሱን ማንም ሳያጣራ ናሙና መቁረጥ የለበትም።

የሁለት ልጆች እናት፦

ዶክተር ለኛም እንጥሉን አይተውታል፣ ለምን እንደሆነ ዛሬ ገና ገባኝ። እህቴ አንድ ልጨምርልሽ፣ ኢንዶስኮፒው ቀን ከመሄድሽ በፊት ለልጅሽ ንገሪው፣ አያምህም ብለሽ ግን አትዋሺው። እኔ "አፍንጫህ ውስጥ ትንሽዬ ካሜራ ትገባለች ይከረክርሃል ትንሽ ይቆጠቁጥሃል እኔ ይዤህ እስከ ሀያ እንቆጥራለን" ነው ያልኩት፣ ሁለት ጊዜ እስከ ሀያ ቆጠርን አለቀ። ከምግብ በኋላ ወዲያው አትውሰጂው የኔ አስታወከ።

የልጅ እናት፦

ሰላም፣ ከ3 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፣ ምን ሆነ ላላችሁኝ ሁሉ።

መጀመሪያ ቪዲዮውን። ሦስት ሌሊት አነሳሁ፣ ሁለቱ ብዙም አያሳዩም፣ ሦስተኛው ሊነጋ ሲል የተነሳው ግን ደረቱ ከጎድን አጥንቱ ስር ወደ ውስጥ እየገባ ትንፋሽ የለም፣ ከዛ ሲባንን። ባለቤቴ ያን ቪዲዮ እስኪያይ ድረስ አላመነኝም ነበር፣ እሱ ከባድ እንቅልፍ ነው ያለው፣ ስልኩን ይዞ ዝም ብሎ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አየውና "ነገ እንሂድ" አለ።

አዲሷ ሐኪም ቪዲዮውን መጀመሪያ ነው ያየችው፣ ራጁን በኋላ። ኢንዶስኮፒ አደረገች፣ ሀያ ድረስ ቆጠርን (አመሰግናለሁ እህቴ)፣ ደረጃ 3 ነው አለች፣ ወደ 70 በመቶ ተዘግቷል። ስለዚ ራጁ ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም ግን እኔ አሁን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቶንሲሉ እውነትም ትንሽ ነው፣ ላንቃውን በጣቷ ዳሰሰችው ጤነኛ ነው። ጆሮው ግን በሁለቱም በኩል ዝርግ መስመር ነው የወጣው፣ ፈሳሽ አለ። የመስማት ምርመራው ላይ ኳሷን ይዞ ሲጠብቅ፣ እኔ በር ጋ ቆሜ ድምፁ ለኔ እየተሰማኝ እሱ ኳሷን እንደያዘ ዝም ብሎ ባለሙያዋን ሲያይ እንባዬ መጣ። አያዳምጥም እያልኩ ስንት ጊዜ ጮኬበታለሁ።

የእንቅልፍ ምርመራ ወረፋ ይዘናል። እስከዛ ስቴሮይድ ያለው ስፕሬይ በቀን አንዴ፣ ከሱ በፊት በጨው ውሃ ማጠብ፣ አለርጂም ካለው በሱ ይለያል አለች። ጆሮው ከ3 ወር በኋላ ይደገማል፣ የእንቅልፉ ውጤት ከባድ ከሆነ ግን 3 ወሩን አንጠብቅም በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ነው፣ ታምቡሩ ላይ አየር ሚያስገባ ትንሽ ቱቦ ይግባለት አይግባለት ያኔ ይወሰናል ብላለች። አስተማሪዋን አናግሬያት ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣዋለች፣ ስታወራው ፊቱን እያየች ነው።

አንድ ነገር ብቻ፣ ስፕሬዩን ስነፋለት ወዲያው ወደ ጉሮሮው እየወረደ መሰለኝ ያስለዋል፣ ትናንት ደግሞ ንፍጡ ላይ ቀጭን የደም ክር አየሁ። ልተወው?

ዝምተኛው አባት፦

አትተዪው እኛም እንደዛ ሆኖ ነበር፣ አነፋፉ ነው። ለቀኝ አፍንጫው በግራ እጅሽ፣ ለግራው በቀኝ እጅሽ ያዢው፣ ያኔ ጫፉ ራሱ ወደ ውጭ ወደ ጆሮው በኩል ያዘነብላል፣ መሀለኛውን ግድግዳ ስትመቺው ነው ሚደማው። ጭንቅላቱን ወደኋላ አታቅኚው፣ ትንሽ አጎንብሶ እግሩን ያያል፣ ሲነፋም በኃይል አይሳብ ቀስ ብሎ ይተንፍስ። ደሙ ከበዛ ወይም በየቀኑ ከመጣ ለሐኪሟ ደውዪላት።

አንገት በላይ ሐኪም፦

ልክ ነው። በዛ ላይ የጨው ውሃውን ካጠብሽለት በኋላ አንድ አሥር ደቂቃ ቆይተሽ ስፕሬዩን ንፊ፣ ወዲያው ከነፋሽ አብሮ ይታጠባል። ለውጥ ካለ ሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፣ በሦስት ቀን አልሠራም ብለሽ እንዳታቋርጪ። የእንቅልፍ ምርመራው ቀን ሲደርስ ስፕሬዩን ሲወስድ እንደነበር ንገሪያቸው። ከዛ በፊት ግን ሲተነፍስ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከእንቅልፉ ልትቀሰቅሺው ከከበደሽ ወረፋውን አትጠብቂ፣ በዛው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።